በአልጋ አጠገብ ስለሚደረግ የሕፃናት ሳል ምርመራ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንናገርበት ያሰብነው፣ ሕፃን ልጅ በሳልና በትንፋሽ ማጠር ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ የሕመሙን ምንጭ እዚያው በአልጋው አጠገብ ስለሚገልጸው ፈጣን ምርመራ ነው።

ጡት መጥባት አቅቶት፣ ጎድኑም በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲሰረጕድ ልጅዋን ያየች እናት ምን እንደ ያዘው ለማወቅ ብትቸኵል አይፈረድባትም። በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ይህን ሕመም የሚያመጣው አርኤስቪ የተባለው ቫይረስ ነው። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጉንፋን ከያዛቸው ቺምፓንዚዎች መጀመሪያ ተገኘ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዶክተር ሮበርት ቻኖክና ባልደረቦቻቸው ከታመሙ ሕፃናት አገኙት። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይህ ቫይረስ ያልያዘው ልጅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ኢንፍሉዌንዛም ኮቪድም ሌሎችም ተመሳሳይ ሳል ስለሚያመጡ፣ ሐኪም በዐይኑ አይቶ ብቻ ይህ ነው ለማለት ይቸገራል።

ቀድሞ ከአፍንጫ የተወሰደው ንፍጥ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፉ ነበር። አሁን ግን ቀጭን ዘንግ ወደ አፍንጫው አግብተው ያገኙትን በትንሽ መሣሪያ ሲመረምሩት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መልሱ ይታወቃል። ርካሹ ዐይነት አንዳንድ ጊዜ ያለውን ቫይረስ የለም ይላል፤ የቫይረሱን ዘር አባዝቶ የሚፈልገው የበለጠ ይታመናል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ሕፃናቱን ለይቶ ለማስተኛት ማስቻሉ ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም ልቡ የታመመ ሕፃን፣ አርኤስቪ ከያዘው ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ቢተኛ በመጣበት ሕመም ላይ ሌላ ይጨመርበታል፤ ቫይረሱ በእጅ የሚተላለፍና በጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት የሚቈይ ነውና። ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ከተገኘም ኦሴልታሚቪር የተባለው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ቢሰጥ ይሻላል።

ብዙ ሰዎች አንቲባዮቲክ ቫይረስን ስለማይገድል ምርመራው ያን መድኃኒት ያስቀራል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በድንገተኛ ክፍል የተደረጉት ጥናቶች ሲመዘኑ ግን የራጅ ቍጥር ሲቀንስ የአንቲባዮቲኩ መቀነስ በግልጽ አልታየም። በዚህ አንደነቅም፤ ቫይረስ መገኘቱ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለምና ሐኪሙ ይሠጋል፤ (ወላጅም ባዶ እጁን መመለስ አይወድም)። ደግሞ ከቀደመ ጉንፋን የቀረ ቫይረስ ከብዙ ቀን በኋላ በአፍንጫ ሊገኝ ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ብሮንኮላይቲስ ለተባለው የትናንሽ የሳንባ ቧንቧዎች ሕመም ይህን ምርመራ ለሁሉ ልጅ እንዲደረግ አላዘዘም፤ የቫይረሱ ስም ቢታወቅም ባይታወቅም ሕክምናው ኦክሲጅንና ፈሳሽ መስጠት ነውና።

ስለዚህ ልጅዎ ተኝቶ ከሆነ፣ በአጠገቡ ያለው ሕፃን በምን እንደ ታመመ ሳይሆን፣ አብረው መተኛታቸው የማይጎዳ መሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁ። ከንፈሩ ከጠቈረ ወይም መጥባት ከተወ ግን የመሣሪያውን መልስ ሳይጠብቁ አስታማሚዋን ወዲያው ይጥሩ።