«መጀመሪያ በነፃ ሥራልን፣ ከዚያ እንቀጥርሃለን!» … እስከ መቼ?

አራት ኪሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት አንገቱን አስግጎ ያልቆመ የአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ይኖር ይሆን? ዲግሪውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከሰሌዳ ሰሌዳ የሚንከራተተው ወጣት የሚያነበው ሁልጊዜ ያንኑ ነው። «የትምህርት ደረጃ፦ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት።» ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት» ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። እንቁላሏ ትቅደም ዶሮዋ? ለዚህ እንቆቅልሽ መፍትሔ ነው ተብሎ ከቢሮ ቢሮ እየተዛመተ ያለው ነገር «መጀመሪያ በነፃ ሥራልን፣ ልምድ ታገኝበታለህ፣ ጎበዝ ከሆንክ ደግሞ እንቀጥርሃለን» የሚለው ነው። ስሙ ብዙ ነው። አንዱ ኢንተርንሺፕ ይለዋል፣ ሌላው አፓረንትሺፕ፣ ሌላው የሥራ ላይ ልምምድ፣ ሌላው ደግሞ ነገሩን ለማሳመር በጎ ፈቃድ ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ወር ሲደርስ ኪስ የሚገባው አንድ ነው፤ ምንም!

ለመሆኑ ይህ በነፃ ማገልገል እውን ለሥራ አጡ ሥራ ያስገኛል? ወይስ ለአሠሪው ነፃ ጉልበት ከማስገኘት አያልፍም? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ገና በትምህርት ላይ ስላለው ተማሪ እያወራን አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ 70 በመቶውን በተግባር፣ 30 በመቶውን በንድፈ ሐሳብ ይማር መባሉ፣ የምህንድስና ተማሪም ከመመረቁ በፊት ድርጅት ገብቶ መለማመዱ የትምህርቱ አካል ነው። የምናወራው ትምህርቱን ጨርሶ፣ ዲግሪ ለሚማሩትም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣውን የመውጫ ፈተና ሳይቀር አልፎ፣ «አሁንስ ሰው ሆንኩ» ብሎ ከተመረቀ በኋላ እንደገና ያለ ደሞዝ ሥራ ስለሚባለው ወገን ነው።

አንዲት የምናውቃት እህት አለች። የተመረቀችው በአካውንቲንግ ነው። በአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት «ለ3 ወር ተለማመጂ» ተብላ ገባች። ሦስቱ ወር አምስት ሆነ፤ አምስቱ ስምንት ሆነ። ቤቷ አያት ነው፤ ቢሮው ሜክሲኮ። ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ማታ ደግሞ መልሶ ያንኑ፤ በቀን 4 ታክሲ መሆኑ ነው። ምሳዋን ከቤት ትቋጥራለች። የታክሲውን የሚከፍሉት ጡረተኛ አባቷ ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ! የድርጅቱን ደሞዝ የሚከፍሉት ጡረተኛው አባት ናቸው ማለት ነው።

ሥራዋስ ምን ነበር? ቫውቸር ታዘጋጃለች፣ ባንክ ትላካለች፣ ወር ሲያልቅ ደግሞ የሠራተኞቹን የሥራ ግብር ማሳወቂያ ቅጽ ትሞላለች። የሁሉንም ስም፣ የሁሉንም ደሞዝ፣ የሁሉንም ግብር በየረድፉ የምትደረድረው እሷ ናት። በቅጹ ላይ ስሟ የሌለውም እሷ ብቻ ናት!

በስምንተኛው ወር ሥራ አስኪያጁን «ጋሼ፣ የቅጥሩ ነገር እንዴት ሆነ?» ብላ ብትጠይቃቸው «አይዞሽ ልጄ፣ በጀት እየጠበቅን ነው» አሏት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ተስፋ ቆርጣ የልምድ ደብዳቤዋን ተቀብላ ወጣች። ደብዳቤው ያማረ ነው፤ ማህተሙም ደማቅ ነው። ይዛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደች። የሰው ኃይል ባልደረባዋ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችና «እህቴ፣ ይሄ የሥራ ግብር የተከፈለበት አይደለም፤ አንቀበልም» ብላ መለሰችላት።

ይኸውላችሁ፤ መጀመሪያ ልብ በሉልን ያልናት መስመር እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። ደሞዝ ካልተከፈለ ግብር የለም። ግብር ከሌለ ደብዳቤው ለብዙ ቀጣሪ ወረቀት ብቻ ነው። ደሞዝ ከሌለ የጡረታ መዋጮም የለም፤ ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ፣ አሠሪውም የሚጨምርለት 11 በመቶ የለም። በየትኛውም መዝገብ ላይ ይህች ልጅ ስምንት ወር ሙሉ እቤቷ ቁጭ ብላ ነበር! «ልምድ ታገኛለህ» ተብሎ የገባው ወጣት ልምዱን በእጁ ያገኛል እንበል፤ ልምዱን የሚያስረዳለት ማስረጃ ግን አያገኝም። አንዱ አሠሪ በነፃ ያሠራዋል፤ ሌላው አሠሪ በነፃ ስለሠራ አይቀበለውም። ከዚህ የከፋ ቀልድ አለ?

«ታዲያ አሠሪው የማያውቀውን ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይቅጠር? መሞከር የለበትም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በሕጉ ውስጥ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአሠሪው የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል። በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር፤ ተጨመረለት። በነዚህ 60 የሥራ ቀናት ውስጥ ሠራተኛው የማይሆን ከሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳና ያለ ሥራ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደሞዝ ይከፈለዋል! እንግዲህ ሕጉ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ መሞከሪያ ከፈቀደ ዘንዳ፣ በዚያ ላይ ስምንት ወር በነፃ ማሠራት «ሙከራ» ነው ወይስ ሌላ ስም አለው?

ሕጉ በዚህ ብቻ አላበቃም። ሙያ ለሚለማመድ ሰው የሚደረገው ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውም ገንዘብ እንዲገለጽበት ያዛል። አሠሪው ስለ ሥራው ዓይነት፣ ስለ አገልግሎቱ ዘመንና ስለ ደሞዙ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥም ያስገድዳል። ስንቱ ተለማማጅ ነው የተፈረመ ውል በእጁ ያለው? ስንቱስ ተቆጣጣሪ ነው ቢሮ ገብቶ «እነዚህ ጥግ የተቀመጡት ልጆች እነማን ናቸው?» ብሎ የጠየቀ?

በነፃ መሥራት ጨርሶ ሥራ አስገኝቶ አያውቅም አንልም። ውሸት ይሆንብናል። ይህ ጸሐፊ ራሱ ዲፕሎማውን ይዞ አምስት ወር ያለ ሳንቲም በአንድ የዝግጅት ክፍል ውስጥ ዜና ሲገለብጥ፣ ፕሩፍ ሲያርም ከርሞ ነው የመጀመሪያዋን ክፍያ የቀመሰው። ነገር ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አምስቱን ወር ያበላችውና ያሳደረችው ታላቅ እህቱ ናት። ከእሱ ጋር የገባ አንድ ልጅ ነበር፤ ብዕሩ ከዚህ ጸሐፊ ብዕር የተሻለ። እሱ ግን የቤት ኪራይ ነበረበት፤ በሁለተኛው ወር ቀረ። ኋላ መገናኛ ጫማ ሲያዞር አገኘነው። እንግዲህ ነፃ ልምምድ የሚመርጠው ጎበዙን ነው ወይስ የሚያበላው ያለውን? የደሃ ልጅ መጀመሪያውኑ በሩ ጋ አይደርስም። ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ ከጓደኛው ጋር በጋራ ተከራይቶ የሚኖረው፣ እንኳን ስምንት ወር ስምንት ቀን በነፃ የሚሠራበት አቅም የለውም።

አባቶቻችንም ሙያ ሲያስተምሩ በነፃ ያሠሩ ነበር የሚል ክርክር እንሰማለን። እስቲ አንድ ጋራዥ ግቡና ተመልከቱ። ቁልፍ በማቀበል የጀመረው ልጅ ቢያንስ ምሳውን ከባለሙያው ጋር ይቆርሳል፤ ቅዳሜ ማታ የሻይ ተብሎ ይሰጠዋል፤ ሲበረታ ደግሞ ድርሻው ይጨምራል። በግሪስ የተለወሰ እጅ ያለው መካኒክ ያላጣውን ርኅራኄ፣ ምንጣፍ ያነጠፈው ቢሮ እንዴት አጣው?

ወሬ ብቻ ነው እንዳንባል የተጠናውንም እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ 3 ሺህ ያህል ወጣቶችን ይዘው ጥናት አካሂደው ነበር። ለአንዳንዶቹ ሥራ መፈለጊያ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌሎቹ ደግሞ ማመልከቻና የሥራ ታሪክ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አሳዩአቸውና ችሎታቸውን ፈትነው፣ ውጤታቸው የተጻፈበት ሰርተፊኬት ሰጧቸው። የሁለት ቀን ጉዳይ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የትራንስፖርት ገንዘቡ ያመጣው ለውጥ በኖ ጠፍቷል። በሰርተፊኬት የታገዙት ግን ገቢያቸው ከሌሎቹ በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ይህ ምን ይነግረናል? ወጣቱን የጎደለው በነፃ የሚቆርሰው ጉልበት ሳይሆን ቀጣሪ የሚያምነው ማስረጃ ነው። ሁለት ቀን የሠራውን ስምንት ወር ነፃ ጉልበት አልሠራውም!

የእንግሊዝ ታሪክም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥታቸው የሥራ አጥ ድጎማ የሚቀበሉ ሰዎችን እስከ 4 ሳምንት ያለ ደሞዝ በግዴታ ማሠራት ጀመረ። በዓመቱ የራሱ ሚኒስቴር ባወጣው ጥናት፣ ሰዎቹ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው በዚህ ምክንያት አለመጨመሩ ታወቀ። ከዚያ በፊት ግን፣ ከ2009 ጀምሮ፣ ሥራ አጥ ወጣቶችን ለ6 ወር በዝቅተኛው የደሞዝ ወለል እየከፈለ የሚያሠራ ሌላ ፕሮግራም ነበራቸው። ይህን የሰረዘው መንግሥት ራሱ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በፕሮግራሙ ያለፉት ወጣቶች ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በ11 ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኘ። የተከፈለበት ሠራ፤ ያልተከፈለበት አልሠራም። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

እኛም አገር ነገሩ የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት የከተሞች ሴፍቲኔትና የሥራ ፕሮጀክት ወጣቶችን በግል ድርጅቶች አስገብቶ ኪስ ገንዘብ እየከፈለ ማለማመድን ይዟል። ድርጅቱ ያስተምራል፤ ፕሮጀክቱ ይከፍላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ታዲያ በፕሮጀክቱ ሲሆን ልምምድ ክፍያ ይገባዋል ከተባለ፣ ከፕሮጀክቱ ውጪ ሲሆን ለምን አይገባውም? የውጭ ገንዘብ ሲኖር ብቻ የሚታወሰን መብት አለ እንዴ?

አሠሪዎችም የራሳቸው እውነት አላቸው። «አስተምረን ስናበቃ ጥሎን ይሄዳል፣ ዕቃ ያበላሻል፣ የቆየ ሠራተኛ ጊዜ ይባክናል» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ለትንሽ ድርጅት ተጨማሪ ደሞዝ መክበዱም አይካድም። ነገር ግን ተለማማጁ ያስቸገረ እንደሆነ በ60 የሥራ ቀን ይሰናበታል። ስምንት ወር የቆየ እንደሆነ ግን እየጠቀመ ነው ማለት ነው፤ የጠቀመ ደግሞ ይከፈለዋል። በዚያ ላይ በነፃ የሚሠራ ተመራቂ በር ላይ ተሰልፎ እያለ ደሞዝተኛ የሚቀጥር ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? አንዱ ተለማማጅ ሲሰለች ሌላው ይተካል። ስለዚህ ነፃ ልምምድ ሥራ አለማስገኘቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ሊኖር የሚችለውንም የሥራ መደብ ይበላል።

የችግሩ ስፋት ደግሞ ቀልድ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በከተሞች ባካሄደው ጥናት ሥራ አጡ ከመቶ 19 ነበር፤ ከሴቶቹማ ከመቶ 26። ይህን ያህል ወጣት ሲጨንቀው «በነፃም ቢሆን» ማለቱ አይደንቅም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! የሚደንቀው የቸገረውን ሰው ችግር እንደ ሀብት የሚቆጥር መሥሪያ ቤት መብዛቱ፣ ያንን ማየት ያለበት ክፍልም ዓይኑን መጨፈኑ ነው።

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ከምረቃ በኋላ የሚደረግ ማንኛውም ልምምድ የጽሑፍ ውልና ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ከ60 የሥራ ቀናት ካለፈ ቅጥር ይባል። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ታክሲና ምሳ የሚችል ክፍያ ይታሰብለት፤ ክፍያውም በደሞዝ መዝገብ ላይ ይግባ፤ ልጁ በመዝገብ ላይ ሰው ይሁን። ሦስተኛ፣ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» የምትለዋ መስመር በሐሰተኛ ደብዳቤ ምክንያት የመጣች መሆኗ ቢገባንም፣ በውል የተመዘገበ ልምምድ ያለውን ወጣት መጣያ መሆኗ ይቅር፤ መንግሥት መጀመሪያ ከራሱ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ይጀምር። አራተኛ፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በየዓመቱ «ይህን ያህል ሚሊዮን የሥራ ዕድል ፈጠርን» ሲል፣ ከዚያ ውስጥ ደሞዝ የሌለው ልምምድ ስንት እንደሆነ ለይቶ ይንገረን። የለበትም ከሆነ «የለበትም» ይበለን፤ ደስ ይለናል።

ያቺ የአያቷ ልጅ ዛሬም አራት ኪሎ ሰሌዳው ፊት ናት። ባለፈው ሳምንት ስናገኛት አንድ ማስታወቂያ እየገለበጠች ነበር። «አሁን ደግሞ ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» አለችን። «ጎሽ! ደሞዙ ስንት ነው?» አልናት። ሳቅ አለችና «መጀመሪያ ለ3 ወር ተለማመጂ ብለውኛል» አለች።

እኛ ግን አልሳቅንም። ልብ ያለው ልብ ይበል!