ሁለቱ ኮዶች

ታይዋን ገበያ ገብቼ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሴት ነኝ። ነጋዴው «እናቴ፣ የመጨረሻው ነው» ሲለኝ «እሺ፣ ከመጨረሻው በኋላ ያለውን ንገረኝ» እለዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንኩ መልስ ሳልቆጥር ከሱቅ አልወጣም። ይህችው ሴት ባለፈው ጳጉሜን፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ የስልክ ወሬ፣ 6,300 ብር በገዛ አፏ አስረከበች። የተታለልኩትም በቅናሽ ነው።

ይህን ለናንተ ለመናገር ጊዜ ወሰደብኝ። በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የቤት ሥራና ስለ ወር አስቤዛ ስመክር ቆይቼ «እኔም ተሞኘሁ» ማለት ቀላል አይደለም። ዝም ማለቴ ግን ከኔ አልፎ ሌላ ሰው አስከፈለ። ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ልጄ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ግን እዚህ ድሬዳዋ ከኔ ጋር ትኖራለች፤ የምትማረውም እዚሁ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቷ ለቦርሳ፣ ለጫማ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆን ገንዘብ በስልኬ ትልክልኛለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተጨመረ ወዲህ፣ ለእንዲህ ያለው ገንዘብ ባንክ ቤት መሰለፍ ቀርቶልናል። ከልጄ ስልክ ወደኔ ስልክ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅም። ሲሄድም እንደዚያው እንደሚፈጥን አላሰብኩም ነበር።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ «እማምዬ፣ ቦርሳና ጫማውን በኢንተርኔት እንግዛ፤ የቅናሽ ኮድ አለ» አለችኝ።

«ኮዱ ደግሞ ምንድነው?» አልኳት።

አስረዳችኝ። ሱቁ በማስታወቂያው ላይ አጭር ቃል ወይም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ጽሑፍ ያወጣል። ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ መርጦ ክፍያው ገጽ ላይ ሲደርስ «የቅናሽ ኮድ» የሚል ባዶ ሳጥን ያገኛል። ቃሉን እዚያ ሲጽፍ ድምሩ ይቀንሳል። እኔ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው፤ ምርቃት ማለት ነው። አሸዋ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት መዝና ከጨረሰች በኋላ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግልኛለች። እሷ የምትመርቅልኝ ፊቴን አይታ፣ ደንበኝነቴን አስባ ነው። የኢንተርኔቱ ሱቅ ግን ቃሉን ላወቀ ሁሉ ይመርቃል።

ደብተር አውጥተን ቁጭ አልን። ቦርሳውና ጫማው 3,600 ብር ነው። ኮዱ አሥር በመቶ ይቀንሳል ተብሏል፤ ብናስገባው አልሠራም። ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ብናነብ፣ ለካ ቅናሹ 4,000 ብርና ከዚያ በላይ ለሚገዛ ብቻ ነው። ስለዚህ 450 ብር የሚያወጣ የውኃ መያዣ ጨመርን። ድምሩ 4,050 ሆነ፤ ኮዱ 405 ብር ቀነሰልንና 3,645 ላይ ደረስን። የልጅ ልጄ አጨበጨበች። ቀጥሎ የማድረሻ ሒሳብ መጣ። «ማድረስ በነፃ» የሚለው ለአዲስ አበባ ብቻ ኖሯል፤ ለድሬዳዋ 300 ብር ይጨመራል። ጠቅላላ 3,945 ብር ከፈልን። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ፤ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ያጭበረበረን የለም።

በሳምንቱ ታይዋን ስዞር ያንኑ ቦርሳና ያንኑ ዓይነት ጫማ ተከራክሬ በ3,400 ብር አገኘሁት። 405 ብር ተቀነሰልኝ ብዬ ስደሰት 545 ብር አብልጬ ከፍያለሁ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት የውኃ መያዣ ነበረን።

ይህን ያህሉን እንደ ትምህርት ክፍያ ቆጠርኩት። በቅናሽ ኮድ ስትገዙ የተቀነሰውን ቁጥር ሳይሆን መጨረሻ ላይ ከኪሳችሁ የሚወጣውን ተመልከቱ። ኮዱ የሚያበቃበት ቀን ሊኖረው ይችላል፤ ለአዲስ ገዢ ብቻ ወይም ለተመረጡ ዕቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ዋጋውን ሰቅሎ ከዚያ «ቀነስኩ» የሚልም አይጠፋም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ሸማቹን በሐሰተኛ ወይም በአሳሳች ማስታወቂያ እንዳያታልል ይከለክላል። አዋጁ መልካም ነው፤ የዕቃውን የትናንት ዋጋ ማወቅ ግን የገዢው ፈንታ ነው። ቸኩላችሁ አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ገበያ ወጥታችሁ ጠይቁ። ከተማችን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ጀምሮ በዕቃ የምትኖር ከተማ ናት፤ ዋጋ የሚጠየቅበት ሰው አይታጣም።

ሁለተኛው ኮድ የመጣው በጳጉሜን ነው። ልጄ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆነውን 6,300 ብር በዚያው ቀን ጠዋት ልካልኛለች። የልጅ ልጄ ከቤት ወጥታለች፤ ሙቀቱ ከብዶኝ ጋደም ብዬ ነበር። ስልኬ ጠራ።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? ባለፈው ቦርሳና ጫማ ገዝተው ነበር፤ ዕቃው ተስማማዎት?» የሚል የወጣት ድምፅ ነው። ደስ አለኝ። ዕቃ ሸጦ መልሶ የሚጠይቅ ነጋዴ የት ይገኛል? በኋላ እንደገባኝ ሰውየው ከሱቁ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እኔው ራሴ ስለ ማድረሻ ስጠይቅ የገዛሁትን ዕቃና ስልክ ቁጥሬን ሁሉም ሰው በሚያነብበት ገጽ ላይ ጽፌው ነበር።

«ለመልካም ደንበኞቻችን ሃያ በመቶ ቅናሽ አዘጋጅተናል። ለወዳጅዎ ካጋሩ ደግሞ ሌላ አምስት ይጨመርልዎታል።» የጎረቤቴን ቁጥር ሰጠሁት። እሷም የልጅ ልጆች ስላሏት እንድትጠቀም ብዬ ነው።

«አሁን በስልክዎ ኮድ ይመጣል፤ እሱን ያንብቡልኝ።»

መልእክት መጣ። መነጽሬ ፍሪጁ ላይ ነው። ጽሑፉ ባይታየኝም ስድስቱ ቁጥሮች ጎላ ብለው ይታያሉ፤ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ለአንደኛ ክፍል ልጅ እንደማስተምር ቀስ ብዬ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅናሹ በስምዎ እንዲመዘገብ ሲከፍሉ የሚያስገቡትን ቁጥር ያረጋግጡልኝ።»

እዚህ ላይ ልቤ ቆም አለ። እውነቱን ልናገር፣ ቆም ብሏል። ግን ልጁ «እናቴ» ብሎኛል፤ ጤናዬን ጠይቆኛል፤ መርቆኛል። እንዲህ የሚያናግረኝን ልጅ ስልክ መዝጋት ነውር መሰለኝ። ነገርኩት። አመስግኖ ዘጋ። ቡና ልቁላ ብዬ ስነሳ ሌላ መልእክት ገባ። 6,300 ብር ወጥቷል። መነጽሬን አድርጌ የመጀመሪያውን መልእክት መልሼ አየሁት። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል።

ወዲያው መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። አፈርኩ። የደወልኩት በማግስቱ ነው። ሒሳቡን ዘጉልኝ፤ ገንዘቡ ግን በዚያው ምሽት ወደ ሌላ ተላልፎ ወጥቷል ተባልኩ። ለልጄ «ሁሉም ተገዝቷል» አልኳት። ዩኒፎርሙን ከጡረታዬ አሰፋሁ፤ የደብተሩን ተበደርኩ። የልጅ ልጄ «ዘንድሮ ደብተሩ ለምን አነሰ?» ብትለኝ «ዋጋው ጨምሮ ነው» ብዬ ዋሸኋት። ውሸት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ ለቡና መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሲኒውን ሳትቀበለኝ ጀመረች። «እናቴ» የሚል ልጅ ደውሎላት ነበር። ሃያ በመቶ ቅናሽ፣ ስድስት ቁጥር፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥር። 2,800 ብር ሄዷል። «ስልኬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም» አለች።

እኔ አውቃለሁ። ሲኒውን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እና ዝም አልሽ?» አለችኝ። ሦስት ቃል ናት፤ ከ6,300 ብሩ ይልቅ እሷ ከበደችኝ። እኔን የዘረፈኝ ሌባው ነው። እሷ ላይ ግን ሌባው ሲደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በሩን ክፍት ትቼለት ነበር።

ያን ቀን ማታ ለልጅ ልጄ ነገርኳት፤ ልጄ ዘንድም ደወልኩ። ልጄ መጀመሪያ «እማዬ፣ እንዴት የሚስጥር ቁጥር ይሰጣል!» ብላ ጮኸች። ስልኩ ተዘጋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለችና «እኔም አምና ቤት ስከራይ ቀብድ ተበልቻለሁ፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ» አለችኝ። የልጅ ልጄ ደግሞ ምንም አልተናገረችም። ወረቀት አምጥታ በትልልቅ ፊደል ጻፈችና መነጽሬን የማስቀምጥበት ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው፦

«የቅናሽ ኮድ፦ እነሱ ይሰጡናል፣ እኛ እናስገባለን። የሚስጥር ኮድ፦ ለኛ ይመጣል፣ ለማንም አንሰጥም።»

ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ከዚህ ያጠረ ትምህርት አልሰጠሁም። ችግሩ ሁሉም «ኮድ» መባሉ ነው። የቅናሹ ኮድ ለሕዝብ የወጣ ነው፤ ሱቁ ራሱ ያውቀዋል፤ ከናንተ የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለውም። በመልእክት የሚመጣው ቁጥር ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የበር ቁልፍ ነው፤ ሌላ ሰው በሌላ ስልክ የናንተን ሒሳብ ሊከፍት ሲሞክር «ባለቤቱ ነህ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ነው። የሚስጥር ቁጥሩ ደግሞ የሣጥኑ ቁልፍ ነው። እኔ ሁለቱንም አከታትዬ ሰጠሁ። ሰጪና ተቀባዩን ብቻ ለዩ፤ ቅናሽ የሚሰጥ ሰው ኮድ ይሰጣችኋል፣ ከናንተ ኮድ የሚጠይቅ ግን ቅናሽ የለውም።

ቤታችን ያወጣውን ደንብ ልንገራችሁ። መልእክት ያለ መነጽር አይነበብም። ስልክ ቁጥራችንን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አንጽፍም፤ የሌላውንም ሳናስፈቅድ አንሰጥም። ቅናሽ አለ ብሎ የደወለ ሰው ካለ ዘግተን፣ ሱቁን እኛ በምናውቀው ቁጥር እንደውላለን። ገንዘብ ከወጣ በዚያው ደቂቃ ለባንኩ ወይም ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ እንደውላለን፤ ነገ አይባልም። የንግድ ባንክ 951፣ የቴሌብር 127 ነው፤ የልጅ ልጄ እነዚህንም ወረቀቱ ላይ ጨምራቸዋለች። ለፖሊስም እናመለክታለን። ከሁሉ በፊት ግን ለቤተሰብና ለጎረቤት እንናገራለን።

አያቶች ሆይ፣ እኛ ያደግነው ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር ነው። ሌባው ይህን ያውቃል። «እናቴ»፣ «አባቴ» የሚለን ስለሚወደን አይደለም። ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም። ልጆች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ወላጅ ሲታለል የመጀመሪያው ቃላችሁ «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ» ከሆነ፣ ሁለተኛ አትሰሙም፤ ሌባው ብቻ ያውቀዋል። ስልክ ገዝታችሁ ስትሰጡን ቁጭ ብላችሁ አንድ ከሰዓት አስተምሩን። እኛም መደመርን ያስተማርናችሁ በአንድ ቀን አልነበረም።

የጎረቤቴን 2,800 ብር በሁለት ወር ጡረታ እከፍላታለሁ ብያለሁ። አይሆንም ብላ ተከራከረች፤ እኔም በክርክር አልታማም፤ በግማሹ ተስማማን። ባለፈው ቅዳሜ ለቡና መጣች። ቶናው ላይ ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ዓይኗን ተከለችብኝ። አነሳሁት።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

ዘጋሁት። ማን እንደነበረ አላውቅም፤ ጨዋ ሰውም ሊሆን ይችላል። ከሆነ ደግሞ መልሶ ይደውላል። ጎረቤቴ ምንም ሳትል ሲኒዋን ለበረካው ዘረጋችልኝ።