ድመት ዐይኗን የምትጨፍነው ውለታ ላለማየት አይደለም

ድመት ስትበላ ዐይኗን የምትጨፍነው ያበላትን ሰው ላለማየት ነው ይባላል። በዚህ ላይ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ሲጨመር ፍርዱ ያበቃለታል፤ ድመት ውለታ ቢስ ናት፣ አመሏም አይለወጥም። ፍርዱ ስህተት ነው። በአፍ ብቻ የሚቀር ስህተት ቢሆን ባልከፋ፤ ግን በማዳበሪያ ተቋጥረው ሌላ ሰፈር ለሚጣሉ ድመቶች ሰበብ የሚሆነው ይኸው ፍርድ ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አይጥ ቤቱን ሲያስቸግር ድመት ይፈለጋል። ከጎዳና ወይም ከሱቅ ጓሮ የተገኘች ድመት በካርቶን ታሽጋ ትመጣለች። እንዳትጠፋ በገመድ ከጠረጴዛ እግር ጋር ትታሰራለች። ልጆች ይከቧታል፤ አንዱ ጅራቷን ይጎትታል፣ ሌላው ካላቀፍኳት ብሎ ይታገላል። ስትቧጭር «ክፉ ናት» ትባላለች። ገመዱ ሲፈታላት ቡፌ ሥር ገብታ ሁለት ቀን ሳትወጣ ስትቀር ደግሞ «ይህቺስ አትረባም» ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ወደ መጣችበት ጎዳና ትመለሳለች።

እዚህ ላይ አመል የተባለው ነገር ፍርሃት ነው። ድመት ሰውን የምትለምድበት ዋነኛው ጊዜ ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ በደግነት ያልነካት፣ ከዚያም በኋላ ከሰው ያየችው ድንጋይና እርግጫ ብቻ የሆነ ድመት፣ እጅ ሲዘረጋላት ብትሸሽ ምን ይገርማል? ሸሽታ ነው እስከዛሬ በሕይወት የቆየችው። ያንን ትምህርት በሦስት ቀን እንድትረሳ መጠበቅ አላዋቂነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መደበቂያ ይሰጣት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ወደ አንድ መጠለያ አዲስ የገቡ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ ተመልክቷል፤ ለአንዱ ወገን መደበቂያ ሳጥን ተሰጠው፣ ለሌላው አልተሰጠም። ሳጥን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር፤ አዲሱን ቦታም ቶሎ ለመዱት። መደበቂያ ያላት ድመት ደፍራ መውጣት የምትጀምረው መመለሻ እንዳላት ስለምታውቅ ነው። አንድ ባዶ ካርቶን፣ አሮጌ ጨርቅ ተነጥፎበት ጥግ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ጎትቶ ማውጣት ግን የተገነባውን ሁሉ ያፈርሳል።

ቀጥሎ ሥርዓት ነው። ምግብና ውሃ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ይቀመጥላት፤ አሸዋ የሞላ ሳፋም ከምግቡ ራቅ ብሎ ይሁንላት። ወተት ብዙ አዋቂ ድመቶችን ሆዳቸውን ያውካል፤ ንጹሕ ውሃ ይሻላል። ሰው ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ትኩር ብሎ ሳያያት የራሱን ሥራ ይሥራ።

ለውጡ የሚታየው በጥቃቅን ነገር ነው። መጀመሪያ ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ብቻ ትበላለች። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ መብላት ትጀምራለች። ከዚያ አንድ ቀን ጅራቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ትመጣለች፤ ይህ የድመት ሰላምታ ነው። ቀጥሎ እግር ለእግር ትታከካለች። በስተመጨረሻ «ውሮ» ሲሏት የማትሸሽ፣ በሳሎኑ መካከል ተዘርግታ የምትተኛ ድመት ትሆናለች።

ወደተጨፈነው ዐይን እንመለስ። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ወደ ድመት እያየ ዐይኑን ቀስ ብሎ ከደን ሲያደርግ ድመቷም በተራዋ ዐይኗን ከደን እንደምታደርግ አሳይተዋል። እንዲህ ያደረገ የማታውቀው ሰው እጁን ሲዘረጋም ወደ እሱ የመቅረብ ዕድሏ ይጨምራል። የፈራች ድመት ዐይኗን አፍጥጣ ነው የምትጠብቀው። ሰው ፊት ዐይኗን የምትከድን ድመት ጥበቃዋን ለጊዜው የተወች ናት። ስለዚህ ለዘመናት የውለታ ቢስነት ምልክት ተደርጎ ሲነገር የኖረው ነገር የመተማመን ምልክት ሊሆን ይችላል።

«ሰው በኑሮ ውድነት እየተሰቃየ የድመት ወግ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ትርፍራፊ ምግብ፣ ካርቶንና ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አማራጩ የአይጥ መርዝ ከሆነ ደግሞ ሕፃናት ባሉበት ቤት መርዝ መበተን ምን ያህል እንደሚያሰጋ ማንም ያውቀዋል። መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመትም አብራ ልትሞት ትችላለች።

ጥንቃቄ መኖሩ አይካድም። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ከጎዳና የመጣች ድመት የእንስሳት ሐኪም አይቷት ክትባት ማግኘት አለባት። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ደግሞም ሁሉም ድመት ጭን ላይ የምትተኛ አትሆንም። ጎዳና ላይ ያደገች አዋቂ ድመት ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት እርምጃ ርቃ ልትኖር ትችላለች። እሷም አይጧን ትይዛለች፤ መታቀፍ ስላልወደደች ብቻ የምትጣልበት ምክንያት የለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ ጭካኔ መፈጸምን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ይሁን እንጂ በየቤቱ ከሕጉ ቀድሞ የሚያስተምረው የወላጅ እጅ ነው። ቡፌ ሥር የተደበቀችን ድመት በመጥረጊያ እንጨት እየወጋ የሚያስወጣ አባት፣ ፈሪ የሚገዛው በዱላ መሆኑን ለልጁ እያስተማረ ነው። ምግቧን አስቀምጦ ዘወር የሚል አባት ልጅ ደግሞ ጉልበት ያለው ሰው እጁን መሰብሰብ እንደሚችል ያያል። ይህን ያየ ልጅ ነገ ከእሱ የሚያንስ ሰው ፊቱ ሲቆም ምን ማድረግ እንዳለበት አይጠፋውም።