ጥርሱ ያልታየ ላፕቶፕ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ሰሞን ሐሙሲት ከተማ ሻይ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የሩዝና የጤፍ ዋጋ ብቻ አይደለም። ልጁ ባሕር ዳር ፖሊ የደረሰለት፣ የእህቱ ልጅ ደብረ ታቦር የተመደበችለት፣ ወንድሙ ከዱባይ ላፕቶፕ ሊልክለት ቃል የገባለት፣ ሁሉም አንድ ክርክር ላይ ይገናኛል፤ ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ? አንዱ «ኤኤምዲ ይግላል፣ ዓመት አይቆይም» ይላል። ሌላው «ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ ገንዘብህን ውኃ በላው» ብሎ ይደመድማል። ለእረፍት የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ «ይህን የሚል ሰው የኤኤምዲን ራይዘን አያውቅም» ብሎ ይነሳባቸዋል። ክርክሩ ሲግል ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንዳቸውም ግን ስለሚከራከሩበት ማሽን ሙሉ ስሙን አይጠሩም።

እኔ ለሁለቱም ኩባንያ አልወግንም። ቅሬታዬ በክርክሩ ላይ ነው። የምንጨቃጨቀው የማስታወቂያ ሰዎች ባወጡልን ስም ሲሆን፣ ያገለገለ ዕቃ በሚበዛበት እንደኛ ባለ ገበያ ደግሞ ያ ስም ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ስሙ አያረጅም፤ ማሽኑ ያረጃል።

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ላንሳው። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ የሚሠሩት ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1968፣ ኤኤምዲ በዓመቱ በ1969 ተቋቋሙ። አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ የኢንቴልን ፕሮሰሰር መረጠ፤ በአንድ አቅራቢ ብቻ መታሰርን ግን ስላልወደደ ኤኤምዲም ያንኑ ዕቃ እንዲያመርት በ1982 ስምምነት ተደረገ። በዚያ ዘመን 286 የሚባለው ፕሮሰሰር የሁለቱም ነበር። 386 ላይ ሲደርሱ ተጣሉ። ኢንቴል «ይህ ቁጥር የእኔ ነው» ብሎ ተሟገተ፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1991 ጥያቄውን አልተቀበለውም። ቁጥርን የግል ማድረግ ካልተቻለ ስም ማውጣት ይቻላል። በዚያው ዓመት «ኢንቴል ኢንሳይድ» የሚለው ዘመቻ ተጀመረ፤ በ1993 ደግሞ 586 ይባላል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ፕሮሰሰር «ፔንቲየም» ተብሎ ወጣ። የዘመቻው ብልሃት ቀላል ነበር፤ የኮምፒውተር አምራቹ በማስታወቂያው ላይ የኢንቴልን አርማ ካወጣ ከማስታወቂያው ወጪ የተወሰነውን ኢንቴል ይሸፍንለታል። ገዢው ፈቶ የማያየውን፣ ቢያየውም የማይለየውን አንድ ብልት በስሙ ጠርቶ እንዲጠይቅ ያስተማረው ይህ ገንዘብ ነው።

ትምህርቱ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን በማሠልጠኛ ተቋም የነካ ሰው «ፔንቲየም ፎር ነው» ሲባል የተሰማውን አክብሮት አይረሳውም። ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አልነበረም። አራት መሆኑ ግን ከሦስት እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ኢንቴል «ኮር አይ» እንምጣ። አይ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ነው፤ አይ 5 እና አይ 3 ተከተሉት። ለዴስክቶፕ የተሠራው የመጀመሪያው አይ 7 አራት ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ አራት ክፍሎች፣ ነበረው። ለቀጭን ላፕቶፕ የሚሠራው፣ በስሙ መጨረሻ ላይ «ዩ» የሚል ፊደል ያለው ግን ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል እስከ ሰባተኛው ጀነሬሽን (ትውልድ) ድረስ አይ 7 ተብሎም ሁለት ኮር ብቻ ይዞ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛው ጀነሬሽን ሲመጣ የ«ዩ»ው አይ 5 ራሱ አራት ኮር ሆነ። እናም የ2017ቱ አይ 5 ከሱ በፊት የነበሩትን ቀጫጭን አይ 7ቶች ሁሉ በኮር ብዛት እጥፍ በለጣቸው። ይህ በአሜሪካ ወይም በጀርመን ብዙ ሰው አይጎዳም፤ እዚያ ሱቅ ያለው አዲስ ስለሆነ የአንድ ዓመት አይ 7 ከዚያው ዓመት አይ 5 ይሻላል። የእኛ መደርደሪያ ላይ ግን የአሥር ዓመት ዕቃ ጎን ለጎን ይደረደራል።

አምና ሐሙሲት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት ለልጃቸው ላፕቶፕ ሊገዙ ባሕር ዳር ሲሄዱ አብሬያቸው እንድወርድ ለመኑኝ። በሚኒባስ ወረድን። የገባንበት ሱቅ ጠባብ ነው፤ ላፕቶፖቹ እንደ ተከፈቱ ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ መዳፍ ማሳረፊያ ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ስቲከር አለች። ሻጩ ልጅ ቀልጣፋ ነው፣ ሰው ያከብራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮር አይ ሰቨን ነው። ስላይትሊ ዩዝድ፤ ጭረት የለው፣ ምን የለው።»

«ያሉኝስ ይሄንኑ ነው ልጄ። ስንት ትለዋለህ?»

ዋጋው ተጠራ። እኔ ጣልቃ ገብቼ «ወንድሜ፣ እስቲ አብራውና ሙሉ ቁጥሩን አሳየኝ» አልኩት። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «አባውት» የሚለውን ሲከፍተው አይ 7-4600ዩ ይላል። አራተኛ ጀነሬሽን፣ እ.ኤ.አ. የ2013 ዕቃ፣ ሁለት ኮር። ዝቅ ብላ አንዲት ጥቁር ላፕቶፕ አለች፤ ጠርዟ ትንሽ ተልጧል። «ያችስ?» ስለው «እሷ አይ ፋይቭ ናት፣ ለጋሼ አትሆንም» አለ። አይ 5-8350ዩ። ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ አራት ኮር። የተጠየቀባት ዋጋ ከአይ 7ቱ ያነሰ ነበር።

ለአባትየው በሹክሹክታ አስረዳኋቸው፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው አኃዝ ጀነሬሽኑን ይናገራል፣ አራት ከሆነ አራተኛ፣ ስምንት ከሆነ ስምንተኛ፤ በአንድ ከጀመረ ደግሞ የፊተኞቹ ሁለቱ አብረው ይነበባሉ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ እየተባለ። ሳቅ አሉና «እንግዲህ ጥርሱን ሳናይ ልንነዳው ነበር በለኛ!» አሉኝ። ሐሙስ ገበያ በሬ ሲገዛ ያየ ሰው ይገባዋል። ቦራ ይሁን ዳለቻ፣ ቀንዱ ያማረ ይሁን አይሁን፣ ገዢው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። የፎገራ ከብት መሆኑ ጥሩ ነው፤ የፎገራ ከብትም ግን ያረጃል።

ያችን አይ 5 ገዙ። እዚያው መደርደሪያ ላይ ራይዘን 5 3500ዩ ያላት አንዲት ማሽን ነበረች፤ አራት ኮር ያላት፣ ዕድሜዋ ያነሰ፣ ዋጋዋም ዝቅ ያለ። ሻጩ ራሱ «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ኤኤምዲ ናት፣ ትግላለች» አለ። አባትየው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ እኔም ላሳምናቸው አልቻልኩም።

«ኤኤምዲ ይግላል» የሚለው ወሬ ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ የነበሩት የኤኤምዲ አትሎኖች ማቀዝቀዣቸው ሲነሳ ራሳቸውን ማዳን የማይችሉ፣ በቅጽበት ጢስ የሚያወጡ ነበሩ። በ2013 የወጣው ኤፍኤክስ 9590 ደግሞ 220 ዋት የሚበላ ነበር። ወሬው ግን የግማሹን ታሪክ ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ያወጣው «ፕሬስኮት» የተባለው ፔንቲየም 4 በሙቀቱ የተነሳ መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ ተከታዩም ሳይወጣ ተሰረዘ። በ2024 ደግሞ የአሥራ ሦስተኛውና የአሥራ አራተኛው ጀነሬሽን የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጎዳቸው ኮምፒውተሮች ይዘጉ ስለነበር ኩባንያው ዋስትናውን በሁለት ዓመት ለማራዘም ተገደደ። ይህን የሰማ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ «ኢንቴል ይቃጠላል» ሲል አላጋጠመኝም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚግለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ፋኑን ስለዘጋውና ቴርማል ፔስቱ ስለደረቀ ነው፤ ይህ ሁለቱንም ብራንድ እኩል ያገኛል፣ በተለይ ባሕር ዳር በሚያዝያ።

ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ የሚራገፈው ያገለገለ ላፕቶፕ ለምን አብዛኛው ኢንቴል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። «ጥሩ ስለሆነ» ማለት አንዱ መልስ ነው። ሌላው መልስ ብራስልስ አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ኢንቴልን 1.06 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው ለኮምፒውተር አምራቾች ቅናሽና ክፍያ እየሰጠ የኤኤምዲን ዕቃ እንዳይሸጡ ወይም እንዲያዘገዩ አድርጓል ብሎ ነው። ቅጣቱ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተጎተተ፣ በ2022 ተሻረ፣ በ2023 ደግሞ ኮሚሽኑ በክፍያዎቹ ብቻ ላይ ተመሥርቶ 376 ሚሊዮን ዩሮ አድርጎ መለሰው። ኢንቴል በ2009 ለኤኤምዲ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ የእርስ በርስ ክሳቸውን ዘግተዋል። ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠሩት የቢሮ ላፕቶፖች ናቸው ዞረው ዞረው እኛ ዘንድ የደረሱት።

ኤኤምዲን ተበዳይ ብቻ አድርጎ ማዘንም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዘን ብሎ ሲነሳ የመረጣቸውን ቁጥሮች እዩ፤ 3፣ 5፣ 7። በአጋጣሚ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «ራይዘን 5 7520ዩ» የሚል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አወጣ፤ በ7 ስለሚጀምር አዲስ ይመስላል፣ ንድፉ ግን መጀመሪያ በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው። ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአራቱ አኃዞች ሦስተኛውን ማየት አለበት፤ እዚያ 2 አለ። ኢንቴል በ2023 መጨረሻ ይህን እያነሳ ኤኤምዲን ሊያጋልጥ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የራሱን «አይ» ፊደል ጥሎ «ኮር አልትራ» ማለት ጀምሮ ስለነበር ብዙም ሰሚ አላገኘም።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን አሳሰበኝ? ሁለት ነገር ስለተደራረበ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ የላፕቶፕ ዋጋም ተከትሎት ወጣ። የተሳሳተ ግዢ ድሮም ያማል፣ አሁን ግን አንድ ቤተሰብ የዓመት ሩዙን ሸጦ የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ማይክሮሶፍት ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለ ኢንቴልን በይፋ አይቀበልም። በሌላው ዓለም መሥሪያ ቤቶች ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽናቸውን በገፍ እያወጡ ነው። አይ 7 የሚል ስቲከር እንደ ተለጠፈባቸው ወዴት እንደሚመጡ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ለተማሪ ጽሑፍና ፓወር ፖይንት አሁንም ይሠራሉ፤ በዋጋቸው ከተሸጡ እኔም እገዛቸዋለሁ። ነገሩ ዋጋቸው በስቲከሩ መቆረጡ ነው።

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ አያዩም?» የሚለኝ የአዲስ አበባ አንባቢ አይጠፋም። ክልላችን አማራ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረዥም ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት እንደነበር ላስታውሰው። ኢንተርኔት ባለበትም የሐሙሲት ገበሬ ሱቅ ቆሞ የፕሮሰሰር ሠንጠረዥ እንዲያገላብጥ መጠበቅ ሥራውን ከሻጩ አንስቶ ገዢው ጫንቃ ላይ ማድረግ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ኮር አይ ሰቨን» ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። በቂ ግን አይደለም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ያን ቀን የተሰጠን ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ላፕቶፕ 1» ብቻ ነበር። ነገ ዕቃው ሌላ ሆኖ ቢገኝ አባትየው ምን ይዘው ይከራከራሉ? በየከተማው ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ሻጮች ሙሉ የፕሮሰሰሩን ቁጥር፣ ራሙንና የዲስኩን ዓይነት የዋጋ ወረቀቱ ላይም ደረሰኙ ላይም እንዲጽፉ ቢያዝ፣ ለአንድ ማሽን የሚወስደው ጊዜ ከደቂቃ አይበልጥም። አንድ ነጋዴ ወዳጄን ሐሳቡን ባማክረው «እንዲህማ ከሆነ አራተኛ ጀነሬሽን ማን ይገዛኛል?» አለኝ። በረከሰ ዋጋ የሚገዛው አይጠፋም አልኩት። እሱን ነው የማይፈልገው።