መምህሩ ለልጅዎ የላከውን መልእክት ማን ያየዋል?

ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ ከመምህሩ ጋር ማታ በስልክ ምን እንደሚጻጻፍ ያውቃሉ? ይህን የምንጠይቀው መምህራንን ለመጠርጠር አይደለም። አብዛኞቹ ልጆቻችንን እንደ ራሳቸው ልጆች የሚያዩ ናቸው። ነገር ግን ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሌላ ዓይን በሌለበት ቦታ ነው። ዛሬ ያ ቦታ በልጁ ኪስ ውስጥ አለ።

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የሆነው ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ግዛቱ ተማሪዎችን ከጾታዊ ጥቃት የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ሕጉ የተሰየመው በልጅነቷ መምህሯ በደል በፈጸመባት ሴት ስም ነበር። ከአንቀጾቹ አንዱ መምህር ከተማሪ ጋር ለብቻ የሚገናኝበትን የኢንተርኔት ገጽ እንዳይጠቀም ከለከለ። የመምህራን ማኅበሩ ክስ አቀረበ፤ ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ዳኛው አንቀጹን ለጊዜው አገዱት። ክልከላው የመናገር ነጻነትን የሚያሸማቅቅ፣ መምህር የሆነች እናት ከገዛ ልጇ ጋር እንኳ በፌስቡክ እንዳትገናኝ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ክልከላው ተሽሮ፣ የየአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር የራሱን የጽሑፍ መመሪያ እንዲያወጣ ታዘዘ።

በ2012 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ የትምህርት መምሪያ መምህራን በግል ገጻቸው ተማሪዎችን ጓደኛ እንዳያደርጉ መመሪያ ሰጠ። ለትምህርት ብቻ የሚከፈት፣ ኃላፊዎች የሚያዩት ገጽ ግን ተፈቀደ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ግንኙነቱ ይኑር፣ ድብቅነቱ ይቅር።

ጉዳዩ የእኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በአገራችንም ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በቴሌግራም ተቀበሉ። በቤተ ክርስቲያንም የወጣት አገልጋዮችና የመዘምራን መሪዎች ከልጆቻችን ጋር ይጻጻፋሉ። ታዲያ ቤተ ክርስቲያንዎ በዚህ ላይ የተጻፈ መመሪያ አላት?

አንዳንዶች “ይህ አገልጋይን አለማመን ነው” ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ለብቻው አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይገኝበት ሌሎች ወንድሞችን ጨመረ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21)። ለገንዘብ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ለልጆች ምን ያህል እንጠንቀቅ?

እንግዲህ መልእክቱ ወላጅና ሁለተኛ አገልጋይ ባሉበት ግሩፕ ይላክ። ከተነበበ በኋላ የሚጠፋ መልእክት አይላክ። ልጅ በሌሊት ጭንቀቱን ቢጽፍ ችላ አይባል፤ አገልጋዩ መልስ ይስጠው፣ በማግስቱም ለወላጁ ያሳውቅ። ጭንቀቱ ከቤት የመጣ ከሆነ ግን ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ለዚህ ለመደበቻቸው ሰዎች ይንገር።

ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ አንድ ነገር ቢነግርዎ አይቆጡ፤ ያድምጡት። በደል ተፈጽሞ ከተገኘም “የጌታ ስም እንዳይሰደብ” ብለን በሽማግሌ አንሸፍነው፤ ለፖሊስ እናሳውቅ። የጌታ ስም የሚሰደበው በደሉ ሲገለጥ ሳይሆን፣ እኛ እያወቅን ዝም ስንል ነው።

ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።