የማንዴላን ታሪክ በፊልም አይተን ለቤታችን የተማርነው

ሲኒማ ዓይንን ደስ ለማሰኘትና ምሽትን ለማሳጠር ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። እንደ እውነቱ ግን ሲኒማ እንግዳ ነው፤ ወደ ቤት ገብቶ ከልጆች ጋራ ይቀመጣል፥ ይናገራል፥ ከሄደም በኋላ ንግግሩ በልጆች ልብ ይቀራል። ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እመቤት የማያውቁትን እንግዳ ሳይጠይቁ እንደማያስገቡ ሁሉ፥ ፊልምም ምን ይዞ እንደ መጣና ምን ትቶ እንደ ሄደ ሊመረምሩ ይገባቸዋል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው፥ በዚህ በገዘር በአሪ ምድር፥ ከቤተ ሰባችንና ከጎረቤቶቻችን ጋራ ሆነን ስላየነው፥ ስለ አንድ ታላቅ ጥቁር ሰው የሕይወት ታሪክ ፊልም ነው።

ፊልሙ የደቡብ አፍሪካው መሪ የኔልሰን ማንዴላ ታሪክ ነው። ማንዴላ ራሳቸው ጽፈው በ1994 እ.ኤ.አ. ካሳተሙትና ስለ ረጅሙ የነፃነት ጉዟቸው ከሚናገረው መጽሐፍ ተወስዶ በ2013 እ.ኤ.አ. ተሠራ። ያዘጋጀው ጀስቲን ቻድዊክ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ ማንዴላን ሆኖ የታየው ኢድሪስ ኤልባ፥ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዊኒን ሆና የታየችው ናዮሚ ሃሪስ ናት። የሚያስደንቀውም ነገር፥ ፊልሙ በሎንዶን ከተማ በታላላቅ እንግዶች ፊት በታየበት ሌሊት፥ ዲሴምበር 5 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፥ ማንዴላ በጆሐንስበርግ በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያ አዳራሽ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው የአባታቸውን ሕይወት በሥዕል ሲመለከቱ ሳሉ የሞታቸውን ወሬ ሰሙ፤ ነገር ግን ፊልሙ እንዳይቋረጥ ለመኑ።

የታሪኩን ሐረግ በአጭሩ እንናገር። ማንዴላ በ1918 እ.ኤ.አ. ምቬዞ በምትባል መንደር ተወለዱ፤ ሕግ ተምረው በ1952 እ.ኤ.አ. ከጓደኛቸው ከኦሊቨር ታምቦ ጋራ በጆሐንስበርግ የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። በዚያ አገር ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፓርታይድ የተባለው ሰውን በቆዳው ቀለም የመለየት ሥርዓት የመንግሥት ሕግ ሆኖ ነበር። ማርች 21 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. በሻርፕቪል የተሰበሰበውን ሕዝብ ፖሊስ ተኵሶበት 69 ሰዎች ሞቱ። ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ተያዙ፤ ጁን 12 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ 27 ዓመት ታስረው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ተፈቱ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ይህን ሁሉ በታሪክ መጽሐፍ የሚያገኘው ያገኘዋል። በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልናነሣው የሚገባን ግን፥ ስለ ሕዝብ የቆመ ሰው ቤት ምን ያህል እንደሚከፍል ነው። ማንዴላ በሮበን ደሴት በታሰሩ ጊዜ፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስድስት ወር አንድ ደብዳቤና አንድ ጠያቂ ብቻ ይፈቀድላቸው ነበር። ልጆች 16 ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸውን ማየት ክልክል ስለ ነበረ፥ ሕፃን ሆነው የተዋቸው ልጆች ቁመታቸው ሲረዝም አላዩም። በ1968 እ.ኤ.አ. እናታቸው ሞቱ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የበኵር ልጃቸው ቴምቢ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሁለቱንም እንዲቀብሩ አልተፈቀደላቸውም። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ዊኒ ተይዘው 491 ቀን ታሰሩ፥ አብዛኛውንም ጊዜ ብቻቸውን ተዘግተው አሳለፉ። በመጨረሻ ማንዴላ ነፃ ወጥተው አገር ሁሉ ሲደሰት ትዳሩ አልጸናም፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ተለያዩ፥ በ1996 እ.ኤ.አ. ተፋቱ። ልቅሶ ቤት ሳይቀመጥ እናቱንና ልጁን ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው፥ እድርና ለቀስተኛ የለመድን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ልንረዳው እንችላለን። በዚያ ሌሊት ከጎረቤቶቻችን መካከል ያለቀሱት እናቶች ያለቀሱት በዚህ ስፍራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልጆቹን ያስገረማቸው ነገር የሱሪው ጉዳይ ነው። በዚያ ወህኒ ቤት ህንዶችና ክልሶች ረጅም ሱሪ ሲሰጣቸው፥ ለጥቁሮቹ እስረኞች ግን ቍምጣ ይሰጣቸው ነበር። ይህም የጨርቅ ቍጠባ አልነበረም፤ ጥቁር ሰው ቢያረጅም ሁልጊዜ እንደ ልጅ የሚታዘዝ ነው ለማለት ነው። ምግቡም እንዲሁ በቀለም ተከፍሎ፥ ለሌሎች ዳቦ ሲሰጥ ለጥቁሮቹ ይከለከል ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ሰውን ማዋረድ የሚጀምረው በትልልቅ አዋጅ ብቻ እንዳልሆነ ነው። በልብስና በምግብ፥ በመጠጫና በመቀመጫ ይጀምራል፤ አዋጁ ከኋላ ይከተላል። ማንዴላ ይህን ስላወቁ፥ ሰፊውን የነፃነት ጥያቄ ይዘው ሳለ ስለ ሱሪም መሟገትን አልናቁም።

እንግዲህ ወደ አገራችን የሚነካው ክፍል እንምጣ። ማንዴላ ከመያዛቸው በፊት በ1962 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለአፍሪካ የነፃነት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከካርቱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ሲሳፈሩ፥ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው አይሮፕላን እንዴት ሊነዳ ይችላል ብለው ለጥቂት ጊዜ ፍርሃት ያዛቸው። ወዲያው ግን የአፓርታይድ ትምህርት በራሳቸው ልብ ውስጥ መግባቱን ተረዱና ራሳቸውን ገሠጹ፤ ኋላም ሳይደብቁ በመጽሐፋቸው ጻፉት። ኢትዮጵያዊው አለማየሁ አበበ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1957 እ.ኤ.አ. የመንገደኛ አይሮፕላን ካፒቴን ሆኖ ነበር፤ ስለዚህ ለእኛ ልማድ የሆነው ለእርሳቸው ተአምር ነበር። በዚያው ዓመት ተመልሰው በአዲስ አበባ በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት ተማሩ። ስድስት ወር ሊቈዩ ታስቦ ሳለ ጊዜው ሳይሞላ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ሲሄዱም ኰሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጕጥ ሰጧቸው።

ይህን ለልጆቹ ባወጋን ጊዜ በቤቱ ያለው ሁሉ ኵራት ተሰማው። በጂንካ ከተማ መካከል በነበረው በሣሩ አይሮፕላን ማረፊያ ላይ ከብቶች ሲግጡ፥ አይሮፕላንም ሲወርድ እያዩ ያደጉ ሽማግሌዎች፥ «እነሆ የዓለም ጀግና ከኛ ተማረ» ብለው ደስ አላቸው። ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ኵራት እንደ ጠላ ነው፤ ሲበዛ ዐይን ያደበዝዛል።

በዚህ መካከል ከልጆቹ አንዲቱ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፤ «እዚያ ልቅሶ ቤት ሸክላ ሠሪዋን ለብቻዋ ከደጅ አስቀምጠው፥ ለሌላው ሰው በሲኒ ሲሰጡ ለእርሷ ግን በቅል የሰጧት፥ እርሷም አፓርታይድ አለባት ወይ?» አለችን። ከተሰበሰበው ሰው አንዳንዱ ሳቀ፥ አንዳንዱ ወደ መሬት ተመለከተ፥ የመለሰላት ግን አልነበረም። ሕፃን የሚጠይቀውን ጥያቄ ትልቅ ሰው በሳቅ ሊያልፈው ይችላል፤ ጥያቄው ግን አያልፍም። ስለዚህ መልሱን በዚህ ዓምድ ልንሰጥ ወደድን።

በአሪ ምድር፥ በሌሎችም የደቡብ አገሮች፥ እንደዚሁም በሰሜን በአማራው አገር፥ በእጅ ሥራ የሚኖረውን ሰው ከማዕድ የመለየት ልማድ ከጥንት የነበረ ነው። በአሪ ዘንድ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና ይባላሉ፤ እነርሱና ብረት ቀጥቃጮቹ ከገበሬው ጋራ አብረው እንዳይበሉና እንዳይጋቡ ልማዱ ይከለክላል። በሰሜንም ቀጥቃጩን ቡዳ፥ ጠይብ እያሉ ማራቅ የታወቀ ነው። ይህን ልማድ የሚጠብቁት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ደጎች፥ እንግዳ ተቀባዮች፥ ጸሎተኞች ናቸው። ይህም ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ ምክንያቱም በደጎች እጅ የሚሠራ በደል ከክፉዎች በደል ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሚከተለው ነው። የአሪ ገበሬ ራሱ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በኋላ ገባር ሆኖ፥ ለጌታው እያረሰና እየተሸከመ ኖሯል፤ ከዚህ አገር ስንቱ በባርነት ተወስዶ ስሙ ጠፍቷል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ፤ ጭሰኝነት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አበቃ። እንግዲህ ትናንት ከጌታው ማዕድ የተለየ ሰው፥ ዛሬ ሸክላ ሠሪዋን ከራሱ ማዕድ ይለያታል። ማንዴላ በአይሮፕላኑ ደጃፍ በራሳቸው ልብ ያዩት ነገር ይኸው ነው፤ የተዋረደ ሰው ያዋረደውን ሰው ሚዛን ተቀብሎ ሌላውን ሲመዝንበት ይገኛል። አባቶቻችን፥ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ለዚህ ይስማማል።

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን፥ የሕጉን ነገር ጥቂት እንናገር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ፥ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደ ሆኑ፥ በዘርም በቀለምም በትውልድም ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ ይደነግጋል። ሸክላ ሠሪዋ ስለ መሬትም ሆነ ስለ ዕዳ ክስ ብታቀርብ፥ ስሟ እንደ ማንኛውም ሰው በመዝገብ ይጻፋል፥ ዳኛውም ይሰማታል። ነገር ግን በልቅሶ ቤት በቅል አጠጡኝ ብሎ ፋይል የከፈተ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሕግ እስከ ደጃፍ ይመጣል፤ ከደጃፍ ወዲያ ያለው የእናትና የአባት ግዛት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ለዳኛ ትተነው ብንቀመጥ ፍርዱ ከቶ አይሰጥም።

«እነርሱ እኮ ዘራቸው ልዩ ነው፥ ከኛ በፊት በዚህ አገር የነበሩ ሌላ ሕዝብ ናቸው» የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱ ተገኝቷል። ሊቃውንት የአሪን ገበሬዎችና ቀጥቃጮች ደም መርምረው በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ሁለቱ ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ወላጅ ሕዝብ የወጡ መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ አቅርበዋል። በመካከላቸው የሚታየውም ልዩነት የመጣው፥ ቀጥቃጮቹ ከሌላው ጋራ እንዳይጋቡ ተከልክለው ለብቻቸው በመኖራቸው መሆኑን ገልጸዋል። ይህም ማለት ዘሩ መለየትን አልወለደም፤ መለየት ነው ልዩ ዘር ያስመሰላቸው።

ሌላው ደግሞ፥ «ባህል ነው፥ የአባቶቻችንን ሥርዓት እንዴት እንጥላለን» ይላል። የአባቶችን ሥርዓት ማክበር መልካም ነው፤ እኛም በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናስተምረው ይህን ነው። ነገር ግን አፓርታይድን ያቆሙትም ሰዎች ልማዳችን ነው፥ እግዚአብሔር የለያየውን አንቀላቅልም ይሉ ነበር። በእርግጥ የኛ ልማድ እንደ እነርሱ በጦር መሣሪያና በፖሊስ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሁለቱን ትክክል ማድረግም አይገባም። ለተዋረደችው ሴት ግን፥ ያዋረዳት የመንግሥት አዋጅ ይሁን የጎረቤት ሲኒ፥ ኀዘኑ አንድ ነው። ደግሞስ ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻና የሚያጭድበትን ማጭድ ከቀጥቃጩ እጅ ይቀበላል፤ እመቤቲቱም ቅዳሜ በጂንካ ገበያ የገዛችውን ድስት ጥዳ ለልጆቿ ታበላለች። እጇ የሠራውን ድስት ንጹሕ ነው ብለን ከበላንበት፥ እጇ ርኩስ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? አዳም ከምን እንደ ተበጀ የሚያውቅ ክርስቲያንስ በጭቃ የሚሠራውን ሰው እንዴት ይንቃል?

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ በተለይ ሹመትና ክብር ያላችሁ፥ ሕዝብ እናንተን አይቶ ይከተላልና፥ አራት ነገር እንድታስቡ እንለምናለን። አንደኛ፥ በሠርግም በልቅሶም ቤት ለእጅ ሥራ ባለሙያው ከሌላው ሰው ጋራ አንድ ዐይነት ሲኒና አንድ ዐይነት ስፍራ ይሰጠው፤ ታላቅ ሰው ራሱ ከአጠገቡ ቢያስቀምጠው፥ መቶ ስብከት ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል። ሁለተኛ፥ ልጆች በቤት ውስጥ በስድብ ስም ሲጠሩት ዝም አይባሉ። ሦስተኛ፥ ሁለት ወጣቶች በመልካም ጠባይና በፈቃድ ሊጋቡ ቢመጡ፥ ሽማግሌ ሲላክ ሙያና ጠባይ እንጂ የአባት ሥራ አይጠየቅ። አራተኛ፥ በትምህርት ቤት የሸክላ ሠሪው ልጅ ለብቻው እንዳይቀመጥ መምህራንና ወላጆች አብረው ይጠብቁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይፈጸማል አንልም። የሸሸውን ሰው ና ቢሉት፥ ለብዙ ዘመን ስለ ተገፋ ራሱ ሊያፍርና ሊፈራ ይችላል፤ ስለዚህ ጥሪው ትዕግሥትና ትሕትና ይፈልጋል። ማንዴላ ፕሬዚዳንት በሆኑበት ቀን፥ በወህኒ ቤት ይጠብቃቸው የነበረ ሰው በክብር እንግድነት ተጠርቶ ነበር። የተበደለው ሰው የበዳዩን ወገን በክብር ወንበር ካስቀመጠ፥ እኛ ምንም ያልበደለችንን ሴት ከቡናችን ዙሪያ ለማስቀመጥ የምናጣው ስፍራ አይኖርም።

ለዚያች ሕፃን የምንመልስላት ቃል ይህ ነው። ልጄ ሆይ፥ አዎን፥ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ እርሱ ነው። የሚያበቃውም አንቺ በምታፈዪው ቡና፥ በምታቀርቢው ሲኒ ነው።