የምርት ማደግ የአየር ንብረት ለውጥን አደጋ አይሽርም

የበቆሎ ምርት ከዓመት ዓመት ማደጉን ብቻ በመመልከት፣ የአየር ንብረት ለውጥ የተጋነነ ሥጋት ነው ብለው የሚደመድሙ ወገኖች አሉ። አመለካከቱ ላይ ላዩን ሲታይ ማስረጃ ያለው ይመስላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በአማካይ 16 ኩንታል ያህል ይገኝበት ከነበረው አንድ ሄክታር ማሳ፣ ዛሬ 40 ኩንታል ገደማ ይታፈሳል። ሙቀቱም በዚሁ ዘመን ጨምሯል። ታዲያ ሁለቱ አብረው ካደጉ ጉዳቱ የቱ ላይ ነው?

የጥያቄው መልስ የሚገኘው የዕድገቱን ምንጭ በመመርመር ነው። ምርቱን ያሳደገው ሙቀቱ ሳይሆን የሰው ልጅ ሥራ ነው። ከባኮ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዘር፣ ማዳበሪያው፣ የልማት ሠራተኛው ምክርና ከሁሉም በላይ የአርሶ አደሩ ላብ ተደምረው ያስገኙት ውጤት ነው። የአየር ንብረቱ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይጎትታል። በቆሎ በሚያብብበት ወቅት ብርቱ ሙቀትና የውሃ እጥረት ካገኘው ጢሙ ይደርቃል፤ ቆረቆንዳውም ያለ ፍሬ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በአፍሪካ የተካሄዱ ከ20,000 በላይ የበቆሎ ሙከራዎችን የመረመረ ጥናት፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ዲግሪ በልጦ የሚውልበት እያንዳንዱ ቀን ምርቱን በደህና ዝናብ 1 በመቶ፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ 1.7 በመቶ እንደሚቀንሰው አረጋግጧል።

ምርጥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ የተሟላላት አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 በሄክታር ከ100 ኩንታል በላይ አፍሳ፣ በ2012 ድርቅ ሲመታት ወደ 77 ኩንታል ገደማ ወርዳለች። ስለዚህ የአማካይ ቁጥር ማደግ የክፉውን ዓመት ጉዳት ይሸፍናል እንጂ አያስቀርም።

የራሳችንም ተሞክሮ ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ምርቱ በመትረፍረፉ፣ በ2002 መጀመሪያ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ አርሶ አደሩም የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ተሳነው። በዚያው ዓመት ዝናቡ ሲያጥር ግን ሚሊዮኖች የዕለት ደራሽ ዕርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ጎተራና ገበያ ያልተዘጋጀለት ትርፍ ምርት ለክፉ ቀን አለመድረሱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ የሚጠበቅብን ተግባር ግልጽ ነው። ለቆላው ቶሎ የሚደርስና ድርቅ የሚቋቋም ዘር በወቅቱ ይድረስ፤ ውሃው በመስኖ ይጠለፍ፤ የደጉ ዓመት ምርት በአግባቡ ይከማች። የከተማው ነዋሪና ሠራተኛም ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ ነው ብሎ ሊዘናጋ አይገባውም። ማሳው ላይ የደረቀው ቆረቆንዳ ውሎ አድሮ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የዋጋ ንረት ሆኖ ይመጣልና። በተገኘው ዕድገት መኩራት ተገቢ ነው፤ በእርሱ ተማምኖ መተኛት ግን ለነገው ረሀብ በር መክፈት ነው።